ስልኩ ለምን ዝም አለ? የሳይንቲስት ሳይቴሽን እንዴት ይነበባል

በነሐሴ 2005 ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ስልክ እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር። (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንዷ ከሃንጋሪ የመጣችው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ካታሊን ካሪኮ ናት። ሌላው የሰውነትን የበሽታ መከላከያ የሚያጠናው ሐኪም ድሩ ዋይዝማን ነው። ኢሚዩኒቲ በሚባል ጆርናል ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል። ዋይዝማን ከዚህ በኋላ ስልካችን ፋታ አይሰጠንም ብሎ ነግሯት ነበር።

አንድም ሰው አልደወለም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሴሎቻችን ፕሮቲን የሚሠሩት ከዲ ኤን ኤ ተገልብጦ የሚመጣ ትእዛዝ እያነበቡ ነው። ትእዛዙን የሚያደርሰው ኤም አር ኤን ኤ ይባላል። ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ኤም አር ኤን ኤ ሲሰጠው ግን ሰውነት እንደ ጠላት ያየዋል። ይቆጣል። ካሪኮና ዋይዝማን ከአራቱ የአር ኤን ኤ ፊደሎች አንዱን፣ ዩሪዲንን፣ በትንሹ በተለወጠ ወንድሙ በሱዶዩሪዲን ተኩት። ሰውነት ቁጣውን ተወ። 15 ዓመት ቆይቶ ይኸው ሐሳብ በፋይዘር-ባዮንቴክና በሞደርና የኮቪድ ክትባቶች ውስጥ ገባ። በ2023 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ክትባት ለማውራት አይደለም። ሰዎች አልፎ አልፎ የአንድን ተመራማሪ የጉግል ስኮላር (የጉግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ) ገጽ ስክሪንሾት አንስተው ይልኩልኛል። ስም አለ፣ ፎቶ አለ፣ ከጎን ቁጥሮች አሉ። ሳይቴሽን ይሄን ያህል፣ ኤች-ኢንዴክስ ይሄን ያህል። ጥያቄው ያው ነው፤ «ይሄ ሰው ትልቅ ነው ማለት ነው?» ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይደነቃሉ። ትንሽ ከሆነ ቅር ይላቸዋል፣ በተለይ ባለ ገጹ ዘመድ ከሆነ። እኔም ጥያቄን በጥያቄ እመልሳለሁ። የትኛው ጽሑፉ ነው የተጠቀሰው? መቼ? ስሙስ ስንተኛ ላይ ነው ያለው? ይህን ስል ለማምለጥ የምሞክር ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ተመራማሪ የሠራውን ጽፎ ለጆርናል ይልካል። ጆርናሉ ለሙያው ሰዎች ያስገመግመዋል። ይተቹታል፣ እንዲታረም ይመልሱታል፣ ብዙ ጊዜም ይጥሉታል። ካለፈ ይታተማል። ጸሐፊው ከሌላ ሰው የወሰደው ነገር ካለ ምንጩን መጥቀስ አለበት። «ፕሮቲኑን የለካነው በእከሌ ዘዴ ነው» ይልና አጠገቡ ትንሽ ቁጥር ያስቀምጣል። ያቺ ቁጥር መጨረሻ ላይ ወዳለው የማጣቀሻ ዝርዝር ትወስዳለች። ይህ አንድ ሳይቴሽን ነው። ለእከሌ አንድ ተቆጠረለት።

ቆጣሪው ግን እከሌ ለምን እንደተጠቀሰ አይጠይቅም። ተመስግኖ ይሁን ተወቅሶ፣ ዋናው ሐሳብ ከእሱ ተወስዶ ይሁን መግቢያው ላይ ለወጉ ተጠርቶ፣ ሁሉም አንድ ነው።

ይህን ቆጠራ ሥራዬ ብሎ የያዘው ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከጠበቆች ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚገለገሉበት መዝገብ ነበራቸው። አንድ የፍርድ ውሳኔ ከዚያ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ ያሳያል። ጠበቃው የሚፈልገው የውሳኔውን ዝና አይደለም። ውሳኔው ዛሬም ይሠራል ወይስ ተሽሯል የሚለውን ነው። ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ለምርምርም እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልጋል ብሎ ጻፈ። ሥራውን አንድ ብሎ የጀመረው ኒው ጀርሲ ውስጥ የዶሮ ቤት በነበረ ክፍል ነው። በ1960ዎቹ መዝገቡ በትልልቅ ጥራዝ እየታተመ ይወጣ ጀመር። ዛሬ ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚባለው የመረጃ ቋት የዚያ መዝገብ ልጅ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሲጀመር መፈለጊያ ነበር። የአንድን ሐሳብ ዱካ መከተያ። ሰው መመዘኛ የሆነው ኋላ ነው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የጋርፊልድ ድርጅት ለዓመታት የሠራበት ሕንፃ ፊላደልፊያ ማርኬት ጎዳና ላይ ነው። ካሪኮ ትሠራበት ከነበረው ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በእግር ይደረሳል። የዓለም ሳይቴሽን የሚቆጠርበት ሰፈርና ቆጠራው ያላያት ሴትዮ ጎረቤት ነበሩ።

ከዚያው ቤት የወጣ ሌላ ቁጥር ኢምፓክት ፋክተር ነው። ይህ የጆርናል እንጂ የሰው አይደለም። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት 200 ጽሑፍ አሳተመ እንበል። ዘንድሮ እነዚያ ጽሑፎች በጠቅላላው 1,000 ጊዜ ተጠቀሱ። ሲካፈል 5 ይሆናል። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር 5 ነው። ችግሩ አማካይ መሆኑ ነው። አክታ ክሪስታሎግራፊካ የሚባል ጆርናል አለ። የአንደኛው ክፍሉ ኢምፓክት ፋክተር 2 አካባቢ ነበር። በ2009 ድንገት ወደ 50 ተጠጋ። ምን ተገኘ? ጆርጅ ሼልድሪክ የተባለ ሳይንቲስት በ2008 ስለሚሠራው ሶፍትዌር አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በዚያ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሁሉ እሷን ጽሑፍ ጠቀሰ። በዚያው ጆርናል ላይ ያሳተሙ ሌሎች ሰዎች ሥራቸው አልተለወጠም። ሰፈር ውስጥ አንድ ባለፎቅ ስለገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሀብታም ሆነ እንደማለት ነው። ይህ እየታወቀም ሰው የሚቀጠረው «በስንት ኢምፓክት ፋክተር ጆርናል አሳተምክ?» እየተባለ ነው። በ2012 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ የሴል ባዮሎጂ ሰዎች ይህ አሠራር ይቅር የሚል መግለጫ አዘጋጁ። ብዙ ተቋማት ፈረሙበት። የፈረሙት ሁሉ ተዉት ወይ ብትሉኝ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተጠቀሰው ሳይንሳዊ ጽሑፍ የማን ይመስላችኋል? የአይንስታይን አይደለም። የኦሊቨር ላውሪ ነው። ላውሪ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። በ1951 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ መለኪያ ዘዴ ነው። መዳብ ያለበት ውህድ ትጨምራለህ፣ ከዚያ ሌላ ኬሚካል ትጨምራለህ፣ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ሲደምቅ ፕሮቲኑ በዝቷል ማለት ነው። በቃ። ኔቸር መጽሔት በ2014 ባሳተመው ቆጠራ ይህ ጽሑፍ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው የፕሮቲን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የኡልሪክ ሌምሊ የ1970 ጽሑፍ ነው፤ ፕሮቲኖችን በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ እየገፉ በመጠናቸው የሚለዩበት ዘዴ። ሦስተኛው የማሪየን ብራድፎርድ የ1976 ነው። እሱም ፕሮቲን መለኪያ ነው፣ በሌላ ቀለም። አራተኛው የፍሬድሪክ ሳንገር የ1977 ጽሑፍ ሲሆን ዲ ኤን ኤን ፊደል በፊደል የማንበቢያ ዘዴ ነው። ሳንገር ኬሚስትሪ ኖቤልን ሁለት ጊዜ ያገኘ ሰው ነው። ላውሪ ግን ኖቤል የለውም። ራሱም ቢሆን ያቺን ጽሑፍ እንደ ትልቅ ሥራ አያያትም ነበር።

ታዲያ ለምን? መርካቶን አስቡት። አንዱ ቡና ይሸጣል፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሚስማር። ዕቃቸው አይገናኝም። ሁሉም ግን ሚዛን ይፈልጋል። ላውሪ የሠራው ሚዛኑን ነው። ካንሰር የሚያጠናውም፣ እርሾ የሚያጠናውም፣ የአይጥ ጉበት የሚፈጨውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ፕሮቲኑን መለካት አለበት። በለካ ቁጥር ላውሪን ይጠቅሳል። ሞለኪውላር ባዮሎጂ (ሕይወትን በዲ ኤን ኤና በፕሮቲን ደረጃ የሚያጠናው ሙያ) ውስጥ ትልቅ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ ሚዛን እንዳይሆን ነው። ሚዛን መሥራት ነውር የለውም። እንዲያውም ያለሱ ገበያው አይቆምም። ከግኝት ጋር አንድ ላይ መደመሩ ነው ችግሩ።

የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ አለ። ዋትሰንና ክሪክ የዲ ኤን ኤን ጠማማ መሰላል የገለጹት ሚያዝያ 25 ቀን 1953 ኔቸር ላይ ነው። ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። የዘመናችን ባዮሎጂ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ከላይ ባልኩት የ2014 ዝርዝር ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ የለም። የረሳው ሰው ስላለ አይደለም። ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። ምድር ክብ ናት ብሎ የሚጽፍ ሰው ምንጭ አይጠቅስም። አንድ ግኝት ከሆነ ደረጃ በላይ ሲያድግ ሳይቴሽኑ ይቆማል።

እግረ መንገዴን፦ ያቺ ጽሑፍ መጨረሻዋ ላይ ገና ያልታተመ የዊልኪንስንና የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን ሥራ ማወቃቸው እንዳነሳሳቸው ትናገራለች። ያ ምስጋና ነው። ምስጋና አይቆጠርም።

ኤች-ኢንዴክስ እንግዲህ ይህን ሁሉ ሊያስተካክል የመጣ ቁጥር ነው። ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ ይባላል። የፊዚክስ ሰው ነው፣ ሳን ዲዬጎ የሚያስተምር። በ2005 ነው ያወጣው። የካሪኮ ስልክ ዝም ባለበት ዓመት መሆኑ ነው እንግዲህ። አሠራሩን በእጃችን እንሞክረው። አንዲት ተመራማሪ ስምንት ጽሑፍ አላት እንበል። ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረን እንደረድራቸው፦ 90፣ 40፣ 12፣ 7፣ 6፣ 3፣ 1፣ 0። አሁን ከፊት እየቆጠራችሁ ሂዱ። አንደኛው ቢያንስ 1 ጊዜ ተጠቅሷል? አዎ። ሁለተኛው ቢያንስ 2 ጊዜ? አዎ። ሦስተኛውም አራተኛውም አልፈዋል። አምስተኛው 6 አለው፣ አለፈ። ስድስተኛው ቢያንስ 6 ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ያለው 3 ነው። እዚህ ቆመናል። ኤች-ኢንዴክሷ 5 ነው።

ጥሩ ጎኑ አንዲት ሚዛን ብቻ ሠርቶ በእሷ የሚኖረውን ሰው ማሳበጥ አለመቻሉ ነው። ደካማ ጎኑም ይኸው ነው። ሌላ ሰው አራት ጽሑፍ ብቻ አለው እንበል፦ 5,000፣ 4፣ 3፣ 1። የእሱ 3 ነው። አምስት ሺው የትም አልገባም። ዓለምን የለወጠ አንድ ሥራ ያለው ሰው ለስለስ ባሉ አምስት ሥራዎች ይበለጣል።

ደግሞ ኤች-ኢንዴክስ አይወርድም። ሰው ጡረታ ይወጣል፣ ይሞታል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ዕድሜ ያለው ሰው ያሸንፋል። ሙያም ይለያያል። አንድ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ጽሑፍ ብዙ ማጣቀሻ ይደረድራል፣ ተመራማሪውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሳይቴሽኑ ይዘንባል። የሂሳብ ሊቅ ጽሑፍ ጥቂት ማጣቀሻ ይዞ ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማን ይበልጣል ማለት የሯጭን ሰዓት ከዋናተኛ ጋር ማነጻጸር ነው።

የስም ቅደም ተከተል ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ ይረሳል። ሞለኪውላር ባዮሎጂ ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ አለ። መጀመሪያ የሚጻፈው እጁን አስገብቶ ሥራውን የሠራው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተማሪ ወይም ወጣት ተመራማሪ። መጨረሻ ላይ የሚጻፈው የላብራቶሪው አለቃ ነው። ገንዘቡን ያመጣው፣ ሐሳቡን የመራው። መሃል ያሉት የረዱ ናቸው፤ አንዳንዴ በጣም፣ አንዳንዴ አንድ ናሙና በመስጠት። ክሪስፐር የተባለውን የጂን መቁረጫ ያስተዋወቀውን የ2012 ጽሑፍ ብትከፍቱ ስድስት ስም ታገኛላችሁ። ኖቤል ያገኙት ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንቲየ መጨረሻ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ማርቲን ዪኔክ የሚባል ሰው አለ። ከሙያው ውጭ ስሙን የሚያውቅ ብዙ የለም። በሳይቴሽን ቆጠራ ግን ስድስቱም እኩል ናቸው። አንድ ሰው ያንን ጽሑፍ በጠቀሰ ቁጥር ለስድስቱም አንድ አንድ ሙሉ ይጨመርላቸዋል፤ ተካፍሎ አይደለም። ስለዚህ የሰው ገጽ ላይ 40 ጽሑፍ ካያችሁ ስንቱ ላይ ፊት ወይም ኋላ እንዳለ ቁጠሩ። በካሪኮና ዋይዝማን የ2005 ጽሑፍ ላይ አራት ስም አለ። ካሪኮ መጀመሪያ ናት። ዋይዝማን መጨረሻ ነው።

ስም ካነሳን የእኛን ስም ጣጣ ሳላወራ አላልፍም። የመረጃ ቋቶቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ የለንም። ትዕግሥት አበበ የምትባል ተመራማሪ አለች እንበል። ቋቱ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስድና ትዕግሥትን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራታል፦ «አበበ፣ ቲ.»። ሌሎች ሲጠቅሷት «አበበና ባልደረቦቹ» ይላሉ። አቶ አበበ ምናልባት ገበሬ ናቸው። ላብራቶሪ ረግጠው አያውቁም። በሞለኪውላር ባዮሎጂ ግን ስማቸው ዓለምን እየዞረ ነው።

ይሄ ያስቃል። ቀጥሎ ያለው አያስቅም። ተስፋዬ አበበ፣ ታደሰ አበበ፣ ፀሐይ አበበ ሁሉም በላቲን ፊደል ሲጻፉ «አበበ፣ ቲ.» ናቸው። ኮምፒውተሩ አራቱን አንድ ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። አንዱ ስንዴ ያጠናል፣ አንዷ ወባ፣ ገጹ ላይ ግን ተደባልቀው አንድ የሚያስፈራ ሊቅ ይወጣቸዋል። በተቃራኒውም አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል። ኃይለማርያም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተነጣጥሎ ይጻፋል። ተነጣጥሎ ሲጻፍ ማርያም የቤተሰብ ስም ሆና ትቀራለች። ጸ ፊደል በላቲን አንዴ በሁለት ፊደል፣ አንዴ በአንድ ይጻፋል። በዚያ ላይ አሜሪካ ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆንበታል። አዲስ አበባ ሳለ ያሳተመው በአባቱ ስም ነው፣ ሜሪላንድ ከገባ በኋላ በአያቱ። ሳይቴሽኑ ለሁለት ተከፈለ። ኤች-ኢንዴክሱ እዚያም እዚህም ትንሽ ሆኖ ቀረ።

መድኃኒቱ ኦርኪድ (ORCID) የሚባል መለያ ነው። በ2012 ሥራ የጀመረ ነጻ አገልግሎት ነው። ለአንድ ተመራማሪ 16 ቦታ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ስሙ ቢለዋወጥም ቁጥሩ አይለወጥም። የመታወቂያ ቁጥር በሉት። ምርምር ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ካላወጣችሁ ዛሬ ማታ አውጡ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የስማችሁንም አጻጻፍ አንዴ ምረጡና አትልቀቁት።

ሌላም ነገር አለ። ያው ሰው ዌብ ኦፍ ሳይንስ ላይ አንድ ቁጥር፣ ስኮፐስ በሚባለው ሌላ ቋት ላይ ሌላ፣ ጉግል ስኮላር ላይ ሦስተኛ ቁጥር ይኖረዋል። ጉግል አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። የመመረቂያ ጽሑፍም፣ ገና ያልተገመገመ ረቂቅም፣ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ፒዲኤፍም ይቆጥራል። ሌሎቹ ሁለቱ የሚቆጥሩት መርጠው ያስገቧቸውን ጆርናሎች ነው። አገር ውስጥ የሚታተሙ ብዙ ጆርናሎች እዚያ ምርጫ ውስጥ ስለሌሉ እርስ በርስ ያጣቀስነው ያልተደረገ ያህል ነው። በአማርኛ የተጻፈማ ጭራሽ አይነሳ።

የጉግል ልግስና የት እንደሚያደርስ በ2024 አንድ ድመት አሳየን። ሪስ ሪቻርድሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና አንድ ባልደረባው ሳይቴሽን በገንዘብ እንደሚሸጥ ደረሱበት። እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የሪቻርድሰንን አያት ድመት፣ ላሪን፣ የሂሳብ ሊቅ አደረጉት። ኮምፒውተር የዘባረቃቸውን 12 ጽሑፎች በስሙ አወጡ። እነሱን የሚጠቅሱ ሌሎች ዝባዝንኬዎችም ጨመሩ። ላሪ ኤች-ኢንዴክሱ 11 ደረሰ። ብዙ ወጣት ተመራማሪ ለዓመታት ደክሞ የማያገኘው ነው። ገንዘብ ከፍለው ያላነበቡትን ጽሑፍ በስማቸው የሚያሳትሙ፣ እርስ በርስ ለመጠቃቀስ የሚማማሉ ሰዎችም አሉ። በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ እድገት የታተመ ጽሑፍ ይጠይቃል፣ ስለዚህ «ውድ የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል የሚልኩ የውሸት ጆርናሎች ገበያቸው ደርቷል። እኔን ፕሮፌሰር ያለኝ እስከ ዛሬ እነሱ ብቻ ናቸው።

ስህተትም ያስጠቅሳል አልኩ አይደል? በጥር 2014 ጃፓን ውስጥ ሴልን አሲድ ውስጥ በመንከር ብቻ ወደ ግንደ ሴልነት (ሌላ ዓይነት ሴል መሆን ወደሚችልበት ሁኔታ) መመለስ ይቻላል የሚሉ ሁለት ጽሑፎች ኔቸር ላይ ወጡ። ዓለም ጉድ አለ። ሌሎች ላብራቶሪዎች ሞከሩት፣ አልሆነም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጽሑፎቹ ተሰረዙ። አልሆነልንም ብለው የጻፉት ሁሉ ግን ጠቅሰዋቸዋል። እያንዳንዱ ክስ አንድ ሳይቴሽን ነው።

እኔ የሰው ገጽ ስከፍት እንዲህ አደርጋለሁ። ጠቅላላውን ቁጥር እዘለዋለሁ። ብዙ የተጠቀሱትን ሦስት አራት ጽሑፎች አያለሁ። ሚዛን ናቸው? የሌሎችን ሥራ የሚሰበስቡ የግምገማ ጽሑፎች ናቸው? (እነዚህ ብዙ ይጠቀሳሉ፤ ሰው አንዱን ጠቅሶ ሃያውን ስለሚገላገል።) ወይስ ራሱ ያገኘው ነገር? ከዚያ በዓመት እደረድራቸዋለሁ። አንድ ርዕስ ይዞ ለዓመታት የቆፈረ ሰው መስመሩ ይታያል። መጨረሻ ላይ፣ ጊዜ ካለኝ፣ ከጠቀሱት ጽሑፎች አንዱን ከፍቼ ምን ብለው እንደጠቀሱት አነባለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከሺህ ቁጥር የበለጠ ይነግረኛል።

የካሪኮን ገጽ በ2010 በዚህ መንገድ ብናየው ምን እናይ ነበር? ቀልብ የሚስብ ቁጥር አናገኝም። ኤም አር ኤን ኤ ላይ ሙጭጭ ያለች ሴት ግን እናይ ነበር። ከሃንጋሪ የወጣችው በ1985 ነው፣ ገንዘቧን የልጇ አሻንጉሊት ድብ ውስጥ ሰፍታ። በ1995 የምርምር ገንዘብ ማምጣት አልቻልሽም ተብላ ከደረጃዋ ወረደች። ከዋይዝማን ጋር የተዋወቁት ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ነው፤ ሁለቱም የሌሎችን ጽሑፍ ሊያባዙ ተሰልፈው። የ2005ቱን ጽሑፍ መጀመሪያ የላኩት ለኔቸር ነበር። በነበረው ላይ ጥቂት የሚጨምር ነው ተብሎ ተመለሰ። ጽሑፉን የመለሱት ሰዎች የተጠቀሙት የእንግሊዝኛ ቃል (incremental) ለእሷ አዲስ ነበር፣ መዝገበ ቃላት አገላብጣ ነው ትርጉሙን ያገኘችው። በ2013 ወደ ጀርመኑ ባዮንቴክ ሄደች።

ያቺ ጽሑፍ ዛሬ በሺዎች ጊዜ ተጠቅሳለች። አንድም ፊደል አልተጨመረባትም።

ጥቅምት 2 ቀን 2023 ገና ሳይነጋ ስልክ ጠራ። ካሪኮ ተኝታ ነበር። ያነሳው ባሏ ነው። ከስቶክሆልም ነው ሲሏት መጀመሪያ ሰው የሚቀልድባት መስሏት ነበር።